የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፌሮው ላስቲኩን ሲበሳው

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጎንደር የመጡ ናቸው። ክረምቱ ሲቃረብ የምድር ቤትና የእርጥበት ደብዳቤ ይበዛል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ቦታ ወስዷል፤ የሌሎቹም መልስ በእሱ ላይ ስለሚንተራስ በቅድሚያ ቢነበብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ ምድር ቤት ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እየሠራን ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ የኋላው የአርማታ ግድግዳ 3 ሜትር ያህል አፈር ይደግፋል። በፕላኑ ላይ እርጥበትንና ከአፈር የሚወጣ ጋዝን የሚከላከለው ሜምብሬን፣ ማለትም ላስቲኩ፣ ከወለሉ ሥር ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ሰንጥቆ፣ ወደ ውጭ ይወጣል። ከመሠረቱ የወጣው ፌሮ ግን በየ20 ሳ.ሜ. በሁለት ረድፍ ቆሟል። ላስቲኩን እየበሳን በፌሮው ላይ እናውርደው ወይ? *ፎርማን፣ ከማራኪ*

መልስ፦ አይብሱት። ሥዕሉን የሠራው ሰው አንድ መስመር ስቦ ግድግዳውን አሻገረ እንጂ ፌሮ አልቆጠረም። እንቁጠርለት። ግድግዳው 20 ሜትር ቢረዝም በአንድ ረድፍ 100፣ በሁለቱ 200 ፌሮ ይቆማል። ለውሃ ቱቦ እንደሚደረገው ለያንዳንዱ ፌሮ አንገትጌ አበጅቶ ማሸግ በወረቀት ላይ ይቻላል፤ በዚያ ጠባብ ክፍተት እጁን እያስገባ 200 ጊዜ ሳይሰለች የሚያሽግ ሠራተኛ ግን የት ይገኛል? ፌሮው ደግሞ ጥርሳም ነው። ላስቲኩ የሚያርፈው ጥርሱ ላይ ነው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ክፍት ይቀራል። ውሃም ሆነ ጋዝ ከዚያ የበለጠ መንገድ አይፈልግም።

ሁለተኛው ችግር የጥንካሬ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከፋል። የ3 ሜትር አፈር በያንዳንዱ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ላይ ወደ 4 ቶን የሚጠጋ የጎን ግፊት ያሳርፋል፤ ከኋላው ውሃ ከተጠራቀመ ከ6 ቶን ያልፋል። ይህ ግፊት ወደ መሠረቱ የሚወርደው ግድግዳውና መሠረቱ በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ የቀድሞው ኮንክሪት ሸካራ ሆኖ አዲሱን ነክሶ መያዝ አለበት። አገራችን ከአውሮፓ ወስዳ የምትሠራበት የኮንክሪት ኮድ አንድን ፊት «ሸካራ» የሚለው ቢያንስ 3 ሚ.ሜ. የሚወጣና የሚገባ ጥርስ በየ4 ሳ.ሜ. ገደማ ሲኖረው ነው። በመካከሉ ላስቲክ ካነጠፉ ያ ንክሻ ጠፍቶ ሸክሙ ሁሉ በፌሮው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የውሃ መከላከያ ሠራተኛ ብቻ የሚወስነው አይደለም፤ ስትራክቸሩን ያሰላው መሐንዲስ ሳይፈርም ምንም ነገር በዚያ መጋጠሚያ ውስጥ አይግባ።

የግድግዳውን ቁርጥ ሥዕል ያውጡና እርሳስ ይዘው ከውጭው አፈር ይነሡ። እርሳሱን ሳያነሡ መከላከያውን ተከትለው ሕንፃውን መዞር ከቻሉ ሥራው ተያይዟል። መስመሩ የግድ በላስቲክ ብቻ መሠራት የለበትም፤ በአንድ ቦታ ላስቲክ፣ በሌላው ራሱ ኮንክሪቱ፣ በመጋጠሚያው ደግሞ ላሜራ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር አንዱ ለሌላው የሚያስረክብበት ቦታ መታወቁ ነው። በዚህ ሐሳብ ሦስት መፍትሔ አለ።

አንደኛው መዞር ነው፦ ሜምብሬኑ በግድግዳው ውስጥ ሳይሆን ከመሠረቱ ሥር ገብቶ በውጭ በኩል ይወጣል። ለዚህ ከመሠረቱ በፊት ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ስስ ኮንክሪት ይፈሳል፤ ከመሠረቱ ጠርዝ ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ ይትረፍ። ሜምብሬኑ በላዩ ይነጠፋል፣ በ5 ሳ.ሜ. የሲሚንቶ ልስን ይሸፈናል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፌሮ ይገባል። በውጭ የተረፈው ጠርዝ በኋላ ከግድግዳው ሜምብሬን ጋር ይደረባል። ይህን ሥራ የሚገድለው ያ ጠርዝ ነው። ለሳምንታት ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይረገጣል፣ ጋሪ ይሄድበታል፣ የብየዳ ፍንጣሪ ይበሳዋል። በላስቲክ ሸፍነው፣ በላዩ 5 ሳ.ሜ. ደካማ ልስን አልብሰው ያቆዩት፤ ተራው ሲደርስ ልስኑ በመዶሻ ይነሣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ግድግዳው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ከመሠረቱ ሥር ያለው ሰበቃ ብቻ ከሆነ፣ ሜምብሬን ሲነጠፍበት ሰበቃው ይቀንሳል። ፊት ለፊት ተያይዘው በወለል ሶሌታ የተደጋገፉ የምድር ቤት ግድግዳዎች ይህ አያሰጋቸውም፤ ብቻውን የቆመ የአፈር መከላከያ ግድግዳ ግን ስሌቱ እንደገና ይታይ።

የእርስዎ መሠረት ተሞልቶ ፌሮው ስለቆመ ይህ መንገድ አልፎዎታል። የሚቀርዎት ማስረከብ ነው፤ በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው የጎንደር ተዳፋት ሕንፃ የሚስማማውም እሱ ነው። የወለሉ ሜምብሬን በግድግዳው የውስጥ ፊት ላይ 15 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ታጥፎ ይለጠፋል። የውጭው ሜምብሬን በግድግዳው ወርዶ የመሠረቱን ጀርባ ይሸፍንና በመሠረቱ ጎን ቢያንስ 20 ሳ.ሜ. ይወርዳል። በሁለቱ መካከል የሚከላከለው ኮንክሪቱና የመጋጠሚያው ማገጃ ነው። ብሪታንያ ከመሬት በታች ለሚሠራ ግንባታ ያወጣችው ደረጃ፣ ቢኤስ 8102፣ ሽፋንን፣ ራሱን ኮንክሪቱንና የገባውን ውሃ በቦይ ማስወጣትን እንደ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ይቆጥራል፤ እዚህ የምናደርገው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማያያዝ ነው።

ኮንክሪቱ ይህን አደራ የሚሸከመው በቅድመ ሁኔታ ነው። ግድግዳው ከ25 ሳ.ሜ. አይቅጠን። ለአንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ይግባ፣ ውሃውም ከሲሚንቶው ክብደት ከግማሽ አይብለጥ። በከረጢት ስናሰላው ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ቢበዛ 25 ሊትር፣ ቢቻል 22 ተኩል ነው፤ ያውም በአሸዋው ውስጥ ያለው ውሃ ተቆጥሮ። ዝናብ የመታው አሸዋ ብቻውን ለአንድ ከረጢት በርካታ ሊትር ይዞ ይመጣል። ሠራተኛው «ደረቀ» ብሎ አንድ ባልዲ በጨመረ ቁጥር የሚቀረው ኮንክሪት ሳይሆን ወንፊት ነው። ቪብሬተሩ በየግማሽ ሜትሩ ይውረድ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ። ካሳፎርማው ከተነሣ በኋላ 7 ቀን ሙሉ ውሃ ይጠጣ፤ በጆንያ ቢሸፈን ደግሞ የተሻለ ነው፣ የጎንደር የቀን ፀሐይና ነፋስ ሲገናኙ እርጥብ ግድግዳ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል።

ለመጋጠሚያው ማገጃ ሁለት ምርጫ አለ። የሚያብጠው ገመድ፣ ማለትም ውሃ ሲነካው የሚነፋው 2 በ2 ተኩል ሳ.ሜ. ያህል የሆነው ጥቁር ጥቅል፣ በሁለቱ የፌሮ ረድፎች መካከል በየ25 ሳ.ሜ. በሚስማር ይያዛል። ከሁለቱም ፊት ቢያንስ 8 ሳ.ሜ. ኮንክሪት ይኑረው፤ ከዚያ ካነሰ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ጫፍና ጫፉ በደንብ ይገጣጠም። ጠላቱ ዝናብ ነው። ዛሬ ለጥፈው ማታ ዶፍ ከመታው ነገ ኮንክሪት ሲሞላ አብጦ ጨርሷል፤ አውጥቶ መጣልና አዲስ መለጠፍ እንጂ ማድረቅ አያድነውም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እኛ ላሜራውን እንመርጣለን። 2 ሚ.ሜ. ውፍረትና 30 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጥቁር ላሜራ፣ 15ቱ በመሠረቱ ኪከር (ከመሠረቱ ጋር አብሮ በሚሞላው አጭር የግድግዳ ጅምር) ውስጥ ይቀበራል፣ 15ቱ ወደ ግድግዳው ይቆማል። ሁለት ላሜራ ሲገናኝ 5 ሳ.ሜ. ተደራርቦ ዙሪያውን ሙሉ ይበየድ፤ ነጠብጣብ ብየዳ አይበቃም። ቀለምም ዘይትም አይነካው፣ ኮንክሪት ቀለም አይነክስም። ላሜራ ግን የሚገባው ኪከሩ ከመሠረቱ ጋር በሚሞላበት ቀን ስለሆነ፣ መሠረትዎ ያለ ኪከር ተሞልቶ ከሆነ የቀረዎት ገመዱ ነው፤ ፀሐያማ ቀን መርጠው ለጥፈው በዚያው ቀን ይሙሉ።

ሦስተኛው መንገድ የሁለተኛው ረዳት ነው። በፌሮዎቹ መካከል ያለው የመሠረት ፊት እንዲሻክር ይደረጋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም እርጥብ እያለ በሲሚንቶ የተሠራው የክሪስታል ማሸጊያ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 1 ኪሎ ሂሳብ በብሩሽ ይቀባል። ይህ ቅብ ሲሚንቶ ስለሆነ ከሁለቱም ኮንክሪት ጋር ይጣመራል። ላስቲክነት ያለውን፣ በሁለት ጀሪካን የሚመጣውን ቅብ እዚህ ቦታ እንዳይጠቀሙ፤ እሱ ለግድግዳ ፊት ጥሩ ነው፣ በመጋጠሚያ ውስጥ ግን ሌላ ላስቲክ ማንጠፍ ማለት ነው።

ስለ ካሳፎርማውም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። አናጺዎቻችን ሁለቱን ፊት በተጠማዘዘ ጥቁር ሽቦ ያስሩና፣ ውፍረቱ እንዳይጠብ በመካከሉ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይሸነቁራሉ። ሽቦው ከውጭ እስከ ውስጥ የሚሄድ የዝገት መንገድ ነው። ጉማጁ ተረስቶ ከቀረ ደግሞ በስብሶ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ይተዋል። ጉማጁ ኮንክሪቱ ሲሞላ እየወጣ ይሂድ፤ ሽቦው በሁለቱም ፊት 3 ሳ.ሜ. ያህል ተፈልፍሎ ይቆረጥና በማይጨማደድ ልስን ይደፈን። ለካሳፎርማ የተቀባ ያገለገለ የሞተር ዘይትም ከግድግዳው ፊት ካልታጠበ ሜምብሬኑ አይለጠፍም።

ለመለጠፍ ግድግዳው መድረቁን የሚያውቁት እንዲህ ነው፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ጥርት ያለ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ለ16 ሰዓት ይተዉት። ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ገና ነው። የወለሉ ላስቲክ ፖሊኢትሊን ከሆነ በሬንጅ አይያዝም፣ በእሳትም ይቀልጣል፤ ሁለት ፊት ያለው የቡቲል ፕላስተር ተደርጎ፣ በላዩ 3 ሚ.ሜ. የአሉሚኒየም ጠፍጣፋ በየ20 ሳ.ሜ. በብሎን ይጠበቅ። ከውጭ በኩል በእሳት የሚለጠፈውን 4 ሚ.ሜ. የሬንጅ ሜምብሬን ከተጠቀሙ በጎን 10፣ በጫፍ 15 ሳ.ሜ. ይደራረብ። ግድግዳና መሠረት የሚገናኙበት ማዕዘን አስቀድሞ በሲሚንቶ 5 በ5 ሳ.ሜ. ይሞላ፤ ሜምብሬን በሹል ማዕዘን ሲታጠፍ ከሥሩ ባዶ ይተዋል፣ አፈር ሲሞላበትም እዚያው ይቀደዳል። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ሜምብሬኑ በ10 ሳ.ሜ. ብሎኬት ወይም በመከላከያ ሰሌዳ ይሸፈን። የቁፋሮውን ድንጋይ መልሶ መገልበጥ የወር ሥራ በአንድ ከሰዓት ያጠፋል። ከመሠረቱ አጠገብ ቀዳዳ ያለው ባለ 110 ሚ.ሜ. ቱቦ በ02 ጠጠር ተከቦ፣ ጂኦቴክስታይል በሚባለው ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በመቶ አንድ ተዳፋት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይውጣ። ቦታዎ ተዳፋት ስለሆነ ይህን በነፃ ያገኙታል፤ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ለዚያ ፓምፕ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አጠገብ በምድር ቤት ሱቅ አለኝ። ከጀርባው የጎረቤት አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር፤ አሁን በአፈር ተሞልቷል። ጠዋት በሩን ስከፍት የበሰበሰ እንቁላል ይሸተኛል። ወለሉን አፍርሼ ላስቲክ ላንጥፍ ወይ? *ነጋዴ*

መልስ፦ ከማፍረስዎ በፊት ሁለት ሊትር ውሃ በወለሉ የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ያፍሱ። በበጋ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ይደርቅና የፍሳሹ ጋዝ በቀጥታ ወደ ቤት ይወጣል። ሽታው በሁለት ቀን ከጠፋ ችግሩ ሲፎኑ ነበር፤ በየሳምንቱ ውሃ ይጨምሩ፣ ጥቂት የምግብ ዘይት ቢያክሉበት ትነቱን ያዘገየዋል።

ካልጠፋ ግን ነገሩ ከአፈሩ ነው። ጋዝ ስንል ነጭ ጋዝ ወይም ቡታ ጋዝ ማለታችን አይደለም፤ ቆሻሻ በምድር ውስጥ ሲበሰብስ የሚወጣው ሜቴን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። የሸተተዎት የመጨረሻው ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ስለዚህ «ሽታው ተወኝ» ማለት ሁልጊዜ ደኅና ማለት አይደለም። ሜቴን ሽታ የለውም፤ በአየር ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 ሲሆን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ክብሪት ጭሮ መሞከር የሚባል ነገር ፈጽሞ አይታሰብ። በር ሲከፈት ከመብራቱ በፊት አየር ይግባ። ወደ ጉድጓዱም ማንም ሰው አይውረድ። በእንግሊዝ አገር ሎስኮ በምትባል መንደር በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ቤት ከአጠገቡ ካለ የቆሻሻ መጣያ በመጣ ጋዝ ፈንድቷል፤ በዚያ ሌሊት የአየር ግፊቱ በፍጥነት ወርዶ ስለነበር ምድሩ የያዘውን ጋዝ ተፋው። በእርስዎም ሱቅ ከዝናብ በፊት ሽታው የሚብስ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከምንጩ ይጀምራል። ጉድጓዱ ሳይመጠጥ በላዩ አፈር ከተገለበጠበት ዝቃጩ ከሥር ገና እየበሰበሰ ነው። በመኪና ተመጥጦ፣ ኖራ ተነስንሶበት፣ በ20 ሳ.ሜ. ድርብርብ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ወለሉ የሚፈርስ ከሆነ 20 ሳ.ሜ. የ02 ጠጠር ይነጠፍ፤ በውስጡ ቀዳዳ ያለው ባለ 110 ቱቦ በየ4 ሜትሩ ተዘርግቶ በአንድ ቋሚ ቱቦ ከጣራ በላይ ይውጣ። ሜምብሬኑ የሚመጣው ከዚህ በላይ ነው። የተለመደው 0.3 ሚ.ሜ. የወለል ላስቲክ እርጥበትን ይከላከላል፣ ጋዝ ግን በራሱ በላስቲኩ በኩል ቀስ ብሎ ያልፋል። ለጋዝ ተብሎ የሚሠራው ቢያንስ 0.4 ሚ.ሜ. ሆኖ በመረብ የተጠናከረ፣ ወይም በሁለት ላስቲክ መካከል የአሉሚኒየም ቅጠል ያለበት ነው። አሉሚኒየሙ ራቁቱን ከሆነ አይግዙት፣ እርጥብ ሲሚንቶ ይበላዋል። ውሃ በጥቃቅን ቀዳዳ ሲመጣ ቢያንስ እድፍ ያሳያል፤ ጋዝ ምልክት አይሰጥም። ስለዚህ ተደራቢው ሁሉ ይበየድ ወይም በቡቲል ይታሸግ፣ ጠርዙም ለማራኪው ፎርማን እንዳልነው በአርማታው ፊት ላይ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ባለ 110 የፍሳሽ ቱቦ የአርማታውን ግድግዳና ሜምብሬኑን አብሮ ማለፍ አለበት። እንዴት እናሽገው? *ቧንቧ ሠራተኛ*

መልስ፦ ይህ ከፌሮው ይቀላል፤ ቱቦ ጥቂት ነው፣ ክብ ነው፣ ልሙጥ ነው። ቱቦው ኮንክሪቱ ሳይሞላ ቦታውን ይያዝ፤ በኋላ በዲሞሊሽን መብሳት ፌሮ ያስቆርጣል፣ ዙሪያውንም ይሰነጥቃል። በግድግዳው መካከል ላይ የሚያብጠውን ገመድ አንድ ዙር ይጠምጥሙበት፣ ፒቪሲ ላይ ኮንክሪት አይጣበቅምና። በሁለት ቱቦ መካከል ቢያንስ 10 ሳ.ሜ. ይተው፤ ተጠጋግተው የተሰበሰቡ ሦስት አራት ቱቦዎች መካከላቸው ኮንክሪት ሳይገባ ይቀራል። ሜምብሬኑ ላይ አንገትጌው በቱቦው 15 ሳ.ሜ. ወጥቶ በማይዝግ ፋሸታ ይታሰር። ቀዳዳው ከቱቦው በ1 ሳ.ሜ. ያህል ጠቦ ይቆረጥ፤ ላስቲኩ ሲለጠጥ ራሱ ይጨብጠዋል።

ጥያቄ፦ አዘዞ ጥቁር አፈር ላይ የሠራሁት ቤት ወለሉ ጥግ ጥጉን ይረጥባል፣ ቀለሙ እስከ ጉልበት ድረስ ይላጣል። ላስቲክ ግን ተነጥፎበታል። *የቤት ባለቤት*

መልስ፦ የረጠበው ጥግ ጥጉን ብቻ ከሆነ ላስቲኩ የተሸነፈው ወለሉና ግሬድ ቢሙ (ከግድግዳው ሥር ያለው የአርማታ ቢም) በሚገናኙበት ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወለሉ ከፍ ዝቅ ሲል ቢሙ አብሮት አይሄድም። ላስቲኩ ተወጥሮ ከተነጠፈ በዚያች መስመር ይቀደዳል። ጥግ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ወለል አፍርሰው ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ከቢሙ አጠገብ ተቆርጦ ቀርቶ ይገኛል። የሚጠገነው ዙሪያውን 40 ሳ.ሜ. ስፋት ከፍቶ፣ አሮጌውን ላስቲክ 15 ሳ.ሜ. በሚደርብ አዲስ ቀጥሎ፣ ጥጉ ላይ አንድ እጥፋት ልል አድርጎ ትቶ፣ በቢሙ ፊት እስከ ወለሉ አናት በማውጣት ነው። በወለሉና በቢሙ መካከልም 1 ሳ.ሜ. ፎም ይግባ። አዲስ የሚሠራ ሰው ግን ጥቁሩን አፈር አንሥቶ በገረጋንቲ ይተካ፤ ያለዚያ የትኛውም ላስቲክ ዕድሜ የለውም።

ጥያቄ፦ ያለቀ ምድር ቤት ግድግዳው ከሥር ያነባል። ከውስጥ ሬንጅ ቀባን፤ በክረምቱ ተላጠ። *ከቀበሌ 18*

መልስ፦ መላጡ አይቀርም ነበር። ከግድግዳው ኋላ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በሥሩ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1 ቶን ይገፋል፤ ሬንጁን ከኋላው ነው የሚገፋው። ከውስጥ የሚሠራ ሽፋን ከኮንክሪቱ ጋር የሚጣመር የሲሚንቶ ዓይነት ብቻ ነው። ሬንጁ እስከ ኮንክሪቱ ይፋቅ። መጋጠሚያው በ3 ሳ.ሜ. ስፋትና ጥልቀት ይፈልፈል፤ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ይውረዱ፣ ወደ አፉ ከሰፋ ድፍኑ ተገፍቶ ይወጣል። በፍጥነት በሚይዝ ሲሚንቶ ተደፍኖ፣ በላዩ የሲሚንቶ ማሸጊያ በሁለት እጅ፣ በካሬ ሜትር በጠቅላላ ከ2 ኪሎ ባላነሰ፣ እስከ 30 ሳ.ሜ. ከፍታ ይቀባ።

ከዚያ በፊት ግን አሸንዳዎን ይዩ። በ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚ.ሜ. ዝናብ ሲወርድ 3,000 ሊትር ነው፤ የሐምሌ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ያ ሁሉ ከግድግዳው ሥር የሚፈስ ከሆነ አሸንዳውን በቱቦ 3 ሜትር ያርቁትና አንድ ዝናብ ጠብቀው ግድግዳውን እንደገና ይንኩት።